ከአፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ጨረር ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ?

ምላስ፣ ድድ፣ ጉንጭ ወይም የአፍ ወለል ላይ የወጣ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶልዎት ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንት ወይም ወደ እስቴ ሲመለሱ ጎረቤቱ «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት» እያለ ይገባል። ቁስሉ እየደረቀ ነው፤ ፈሳሽ መዋጥ ጀምረዋል፤ ወጪውም እንደ ምንም ተችሏል። በዚህ መሐል ሐኪሙ «ጨረር ያስፈልግዎታል» ይልዎታል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ደብረ ታቦር ውስጥ አይሰጥም። ከቤት ርቆ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ እየተመላለሱ፣ ስድስት ሳምንት ያህል መቆየትን ይጠይቃል። ብዙ ሰው ከደቡብ ጎንደር ደጋ ሆኖ ይህን ሲሰማ «ትንሽ ላገግምና አስብበታለሁ» ይላል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ያ «ትንሽ» ሦስት ወር ሆኖ እንዳይገኝ ነው።

ውሳኔው በሁለት ነገር ላይ ይቆማል። አንዱ የፓቶሎጂ ወረቀቱ ነው፣ ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው። ገንዘቡ፣ መኸሩ፣ መንገዱ፣ የዘመድ ምክር ሁሉ ከባድ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ተራቸውን ጠብቀው የሚታዩ ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ይያዙ

ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ያየውንና በእጁ የዳሰሰውን ሁሉ ቆርጦ ያወጣል። የሚቀረው ጥያቄ በዓይን የማይታይ የካንሰር ሕዋስ በቁስሉ ዙሪያ ወይም በአንገት ንፍፊቶች ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ነው። ከቀዶ በኋላ የሚሰጥ ጨረር ዓላማው የቀረ ካለ እሱን መግደል ነው። ስለዚህ «ቁስሌ ድኗል፣ አሁን ምንም አይታየኝም» ማለት ጨረር አያስፈልገኝም ማለት አይደለም። የአፍ ካንሰር የታከመ ሰው ሁሉ ጨረር ያስፈልገዋል ማለትም አይደለም። ይህን የሚለየው የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የሚጻፈው የፓቶሎጂ ውጤት ነው።

ቀዶው ደብረ ታቦር ይደረግ፣ ባሕር ዳር ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ፣ ከሆስፒታሉ ከመውጣትዎ በፊት ናሙናው ወዴት እንደተላከ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና ማን እንደሚቀበለው ይጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ናሙናው ለቤተሰብ ተሰጥቶ በሌላ ከተማ ወዳለ ላቦራቶሪ እንዲደርስ ይደረጋል። ይህ ኃላፊነት ለእናንተ ከተሰጠ ሥጋው ፎርማሊን በበቂ መጠን በተሞላ፣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ውኃ ወይም አረቄ አይጨመርበትም። ዕቃው ላይ የታማሚው ስም፣ ሥጋው የወጣበት ቦታ፣ ግራ ወይስ ቀኝ መሆኑ ይጻፍበት፤ ከአንገት የወጡት ንፍፊቶች በተለየ ዕቃ መሆን አለባቸው። የሐኪሙ ቅጽ አብሮ ይሂድ። ናሙናውን ይዘው ዘመድ ቤት ሁለት ሦስት ቀን አይደሩ፤ በዚያው ቀን ያድርሱና የተረከቡበትን ደረሰኝ ይያዙ። ውጤቱ ሲወጣም በስልክ ፎቶ ያንሱት። መንገድ ላይ የጠፋ ወረቀት ከአንድ ታማሚ ላይ ሳምንታት ሊበላ ይችላል።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ማንም ሰው ብቻውን እንዲያነበው አይጠበቅም። ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይጠይቁ።

«ዶክተር፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው ወይ?» ካንሰሩ የሚቆረጠው ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ነው። በካንሰሩና በተቆረጠው ጠርዝ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ጤነኛ ሥጋ ከተገኘ ጠርዙ ንጹሕ ይባላል። ከዚያ ካነሰ ሐኪሞች «ክሎዝ» ይሉታል። ካንሰሩ ጠርዙ ላይ ከደረሰ «ፖዚቲቭ» ነው።

«በውፍረቱ ምን ያህል ዘልቋል?» በአፍ ካንሰር ላይ ጥልቀት ከስፋት ያላነሰ ዋጋ አለው። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የጠለቀ ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰፋ ዕጢ፣ ወደ መንጋጋ አጥንት የገባ ወይም ቆዳ የበሳ ከሆነ ከፍ ካለው ደረጃ ይመደባል።

«ከአንገቴ ስንት ንፍፊት ወጣ? ካንሰር የተገኘውስ በስንቱ? ሽፋኑን ጥሶ የወጣ አለ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ በተለይ አይርሱ። ካንሰሩ ከንፍፊቱ ሽፋን ውጭ መፍሰሱ ከሁሉ ከከፉት ምልክቶች አንዱ ነው። አንገቱ ጭራሽ ያልተከፈተ ከሆነም ለምን እንዳልተከፈተ ይጠይቁ፤ ሕንድ ሙምባይ በሚገኘው ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ትልቅ ጥናት ገና በጀመረ የአፍ ካንሰር እንኳ የአንገትን ንፍፊት አብሮ ማውጣት የሰውን ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይቷል።

በመጨረሻ «ነርቭ ተከትሏል? የደም ሥር ውስጥ ገብቷል?» ብለው ይጠይቁ። አምስቱም መልሶች በአማርኛ በደብተር ይጻፉ። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚቀበልዎት ሌላ ሐኪም ሲጠይቅ ከእጅዎ ያለው ያ ደብተርና ወረቀቱ ነው።

መልሱ ወዴት ይመራል?

ዕጢው ትንሽ፣ ጥልቀቱ ጥቂት፣ ጠርዙ ንጹሕ፣ ንፍፊቶቹ ሁሉ ነጻ፣ ነርቭም የደም ሥርም ያልተነካ ከሆነ ጨረር በአብዛኛው አያስፈልግም። እዚህ ላይ «ለማንኛውም ልውሰደው» ማለት ጥቅም ሳይኖረው የምራቅ ዕጢንና መንጋጋን መጉዳት ነው። አለመውሰድ እዚህ ትክክለኛው ሕክምና ነው፤ በየጊዜው መታየቱ ብቻ ይቀጥላል። ሆኖም በእኛ አካባቢ ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ከዚህ ምድብ የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው።

ዕጢው ትልቅ ከሆነ፣ አጥንት ከነካ፣ ከአንድ በላይ ንፍፊት ከተያዘ፣ ጨረር ይመከራል። አንድ ንፍፊት ብቻ ተይዞ ሽፋኑ ያልተጣሰበት፣ ጠርዙ ለጥቂት የቀረበበት ወይም ነርቭ ብቻ የተነካበት ሰው ግን መሐል ላይ ነው። ሐኪሞችም ሐሳባቸው የሚለያየው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ከቀዶ ሐኪሙ በተጨማሪ የካንሰር ሐኪም አስተያየት ይጠይቁ። ለነዚህ ሰዎች የእድሜ፣ የአቅም፣ የመንገድና የቤት ጉዳይ በሙሉ መብት ወደ ሚዛኑ ይገባል።

ጠርዙ ፖዚቲቭ ከሆነ ወይም ካንሰሩ የንፍፊቱን ሽፋን ጥሶ ከወጣ ጥያቄው የተለየ ነው። ጠርዙን በተመለከተ መጀመሪያ የሚጠየቀው እንደገና ተቆርጦ ሊጸዳ ይችል እንደሆነ ነው። ካልሆነ፣ ወይም ሽፋኑ ከተጣሰ፣ ከጨረሩ ጋር ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአውሮፓና በአሜሪካ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች በአንድ ላይ ታትመው የዓለምን አሠራር የወሰኑት በዚህ ጉዳይ ነው። በአውሮፓው ጥናት ላይ፣ ለከፍተኛ አደጋ ከተጋለጡ የአፍ፣ የጉሮሮና የማንቁርት ካንሰር ታማሚዎች መካከል ጨረር ብቻ ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 40 ያህሉ፣ ኬሞ ከተጨመረላቸው ደግሞ 53 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ኬሞው ሕመሙን ያከብዳል፤ ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራና የመስማት ምርመራ ይደረጋል። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ለሆኑ ጥቅሙ ይቀንሳል። በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠው ትልቁ መጠን ለሚከብደው ሰው በየሳምንቱ በትንሽ መጠን መስጠት ከዚያ እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የጃፓን ጥናት አሳይቷል፤ ይህን ለሐኪምዎ አንስተው መነጋገር ይችላሉ።

ቀኑን ከቀዶው ዕለት ጀምረው ይቁጠሩ

ጨረሩ ቢቻል ቀዶው ከተደረገ በስድስት ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት። ከቀዶው ቀን አንስቶ እስከ ጨረሩ የመጨረሻ ቀን ያለው ጊዜ በሙሉ ደግሞ ከ11 ሳምንት ብዙ እንዳያልፍ ይመከራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተረፉ ሕዋሳት ካሉ እርስዎ እስኪያገግሙ፣ እህል እስኪገባ፣ ገንዘብ እስኪሰበሰብ ቆመው አይጠብቁም።

በምሳሌ እንየው። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17፣ ቀዶ የተደረገለት ሰው ስድስተኛው ሳምንት የሚሞላው ጥቅምት 29 ነው። አምስተኛው ሳምንት ላይ ቢጀምር ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይጨርሳል። ይህ ጊዜ ለፋርጣም፣ ለስማዳም፣ ለፎገራም ገበሬ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው። «መኸሩን ሰብስቤ ከገብርኤል በኋላ እሄዳለሁ» ያለ ሰው፣ ማለቂያው ላይ መገኘት በነበረበት ጊዜ ገና መጀመሩን ያስባል። እኔ አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ እህሉን ወንድም፣ አማች ወይም ደቦ ይሰብስበው። ቀኑን ግን በወንድምም በደቦም መመለስ አይቻልም። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት ቀን ይጻፉ፦ የቀዶውን ዕለት፣ ስድስተኛው ሳምንት የሚሞላበትን፣ አሥራ አንደኛው የሚሞላበትን።

እውነቱን ለታማሚው ይንገሩ

ይህን ክፍል ለቤተሰብ እጽፋለሁ። በአገራችን ልጆች እናታቸውን፣ ባል ሚስቱን ለመጠበቅ ሲሉ የበሽታውን ስም ይደብቃሉ። ሐኪሙን በር ላይ ይዘው «እባክዎ ለእሷ አይንገሯት፣ ትሰበራለች» ይሉታል። ፍቅር ነው፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ነገር ግን የጨረር ሕክምና በመደበቅ የሚያልፍ ሕክምና አይደለም። ታማሚዋ ፊቷንና አንገቷን የሚይዝ የፕላስቲክ ጭንብል አድርጋ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ብቻዋን ክፍል ውስጥ፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ፣ 30 ወይም 33 ቀን መተኛት አለባት። በሦስተኛው ሳምንት አፏ ይቆስላል፣ ምግብ ያቃጥላታል። «ቁስሉ ቶሎ እንዲደርቅ ነው» የተባለች ሴት በዚያ ሰዓት «ቁስሌ ደርቆ ነበር፤ ያቆሰላችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ» ብትል እውነት አላት። ግማሽ መንገድ ላይ የተተወ ጨረር ሥቃዩን ሰጥቶ ጥቅሙን የሚነፍግ ነው።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ቤተሰቡ ቡና አፍልቶ ይቀመጥ። የሚቀበሉት የንስሐ አባት ወይም ሼህ ቢገኙ ጥሩ ነው። የበሽታው ስም ይጠራ፤ የወጣው መውጣቱ፣ የተሰጋው ምን እንደሆነ፣ ጨረሩ ምን እንደሚያሳምም፣ ካልተወሰደ ምን ሊሆን እንደሚችል ይነገር። ከዚያ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም ይከበር። አውቃ የወሰነች ሰው የከበደውን ሳምንት ትችለዋለች።

በዚያ ስብሰባ ላይ መነሳታቸው የማይቀር ወሬዎች አሉ። ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጥ ጨረር በሰውነት ውስጥ አይቀርም፤ ከታካሚው ወደ ልጅ፣ ወደ ነፍሰ ጡር ወይም ወደ አስታማሚ አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት ይቻላል። ለመውለድ በሚያበቃ ዕድሜ ላይ ያለች ታማሚ ራሷ ነፍሰ ጡር አለመሆኗን ግን አስቀድማ መመርመር አለባት። ጸበል መጠጣትና መጸለይ ከጨረሩ ጋር አይጣላም። ቦታው ርቆ የሁለትና የሦስት ሱባኤ ቆይታ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ያ ጊዜ የሚቀነሰው ከስድስቱ ሳምንት ላይ መሆኑን አስልተው ከካህኑ ጋር ይመካከሩ። ጨረር በሚያርፍበት ቆዳ ላይ እምነት፣ ቅጠል ወይም ቅባት አይቀባም።

ወረፋውን አስቀድመው ይያዙ

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በአንድ ቦታ፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ፣ በኮባልት መሣሪያ ሲሰጥ ኖሯል። ለመላ አገሪቱ አንድ ማዕከል በመሆኑ ወረፋው ወራት የሚፈጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊኒየር አክሰለሬተር የተባሉት ዘመናዊ መሣሪያዎች ተገዝተው አገልግሎቱ ወደ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደርና መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እንዲሰፋ ታቅዶ ሲሠራ ቆይቷል። ለደቡብ ጎንደር ሰው በመንገድ የሚቀርበው ጎንደር ነው፤ ወረታ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ በአዲስ ዘመን በኩል ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ወደ ጎንደር ይደወል፣ ቀጥሎ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ከዚያ ወደ ጅማ። ጥያቄው «ጨረር አላችሁ ወይ?» ብቻ አይሁን። «መሣሪያው በዚህ ሳምንት ታካሚ እያስተናገደ ነው? ለአፍ ካንሰር ቀዶ ለተደረገለት ሰው ቀጠሮው ስንት ሳምንት ነው?» ይበሉ። ራስዎ ከሚደውሉ የሚያክምዎት ሐኪም ለሥራ ባልደረባው ቢደውል ደግሞ መልሱ የተሻለ ይሆናል፤ ይህን መለመን ነውር የለውም።

ዕጢው ትልቅ ከነበረ ወይም አንገት ላይ እብጠት ከነበረ፣ ጨረር እንደሚያስፈልግ ሐኪሙ ገና ከቀዶው በፊት መገመት ይችላል። ሪፈሩ ያኔውኑ ይጻፍ፣ ስሙም ወረፋ ላይ ይግባ። ውጤቱ መጥቶ አያስፈልግም ከተባለ ወረፋውን ለሌላ ሰው መልቀቅ ቀላል ነው። ውጤቱን ጠብቆ፣ ከዚያ ሪፈር አጽፎ፣ ከዚያ ወረፋ መያዝ ግን ስድስቱን ሳምንት ጨርሶ ይበላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ የኛው ፎገራ ናት፤ ስለዚህ አካባቢው ሥርዓቱን ያውቀዋል። የመድን ደብተሩ መታደሱን፣ ሪፈሩ ደረጃውን ጠብቆ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል መምጣቱን፣ የምትላኩበት ሆስፒታል ከመድኑ ጋር ውል ያለው መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት ከወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከግል ፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒትና የአልጋ ኪራይ በአብዛኛው ከኪስ ነው። የከበደው ወጪም ይኸው የአልጋና የምግብ ነው፤ ሁለት ሰው ለሰባት ሳምንት። አዲስ አበባ ከሆነ፣ በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ችግረኛ የካንሰር ሕሙማን ማረፊያ በመስጠት ይታወቃል፤ ቦታ እንዲኖር ከመነሳት በፊት ይደወልለት። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ከባሕር ዳር በአውሮፕላን መሄድ ውድ ቢሆንም ከጠፋ ቀጠሮ ይረክሳል። በመኪና የሚሄድ ሰው ከቀጠሮው ብዙ ቀን ቀድሞ ይነሳ።

በሬና ቦታ ሸጠው ወደ ሕንድ ለመሄድ የሚያስቡ አሉ። አቅሙ ካለ መንገዱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ፓስፖርቱ፣ ቪዛውና ገንዘቡ ተሟልቶ የሚጀመረው በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አስቀድሞ ይሰላ። በአሥረኛው ሳምንት ውጭ አገር ከሚጀመር በስድስተኛው ሳምንት አገር ውስጥ የሚጀመረውን እመርጣለሁ።

ከመጀመሩ በፊት ጥርስዎን ያሳዩ

ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው። ጨረር የነካው መንጋጋ፣ በተለይ የታችኛው፣ ደም ሥሩ ስለሚቀንስ ቁስሉን የመጠገን ኃይሉ ለዘለቄታው ይዳከማል። ከጨረሩ በኋላ ጥርስ ቢነቀል ቀዳዳው ሳይደፈን አጥንቱ ሊሞት ይችላል፤ ይህም ለዓመታት የሚዘልቅ ሕመም ነው። የበሰበሰና የሚነቃነቅ ጥርስ ካለ ጨረሩ ሊጀመር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተነቅሎ ቁስሉ መሸፈን አለበት። ስለዚህ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ የፓቶሎጂ ውጤት በሚጠበቅበት ጊዜ መሐል ይግባ። የፍሎራይድ ጥርስ ሳሙና ይጀምሩ፤ መፋቂያው ቀርቶ ለስላሳ ብሩሽ ይሁን።

ሲጋራ፣ አረቄና ጫት ከዛሬ ይቁም። ጨረር እየወሰደ የሚያጨስ ሰው ላይ ሕክምናው ኃይሉ ይቀንሳል።

ስድስቱ ሳምንት

የተለመደው መጠን 60 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) በ30 ቀን ነው፤ አደጋው ከፍ ላለ ቦታ 66 ግሬይ በ33 ቀን። አንዱ ቀን ራሱ አጭር ነው፤ ጨረሩ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው፣ ሲገባም አይሰማም። የመጀመሪያው ሳምንት «ይህን ነበር የፈራሁት?» ያሰኛል። ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ አፍ መቁሰል፣ ምራቅ መወፈር፣ ጣዕም መጥፋት፣ የአንገት ቆዳ መጥቆር ይመጣል፤ ጨረሩ ካለቀም በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ይበረታል እንጂ ወዲያው አይተውም። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው መድኃኒቱ ገደለኝ ብሎ አይሸሽም።

አፍ ቢያንስ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይታጠብ፦ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ጉሮሮ ድረስ ተጉመጥምጦ ይተፋል። ሕመም ማስታገሻ ሳይለመን በሰዓቱ ይወሰድ። ሞርፊን ቢታዘዝ ሱስ ይሆንብኛል ብለው አይፍሩ፤ ሳይበሉ መቅረት ከዚያ የከፋ ነው። ከሞርፊኑ ጋር ሆድ እንዳይደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይጠይቁ።

ክብደት በየሳምንቱ ይመዘን። ከመጀመሪያው ክብደት አንድ አሥረኛው ሲቀንስ አደጋ ነው፤ ጭንብሉ ራሱ ይሰፋና ጨረሩ ቦታውን ሊስት ይችላል። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚና ትኩስ ምግብ ይቅር። የጉና ድንች ተቀቅሎ በወተትና በቅቤ ይፈጭ፤ የፎገራ ሩዝ በወተት ላልቶ ይቀቀል፤ የገብስ አጥሚት፣ ቀጭን በሶ በማር፣ ተልባ፣ እርጎ፣ የተፈጨ እንቁላል ያለበት ሾርባ፣ በትንሽ በትንሹ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይቀርብ። ሁዳዴ ወይም ፍልሰታ ከገባ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ጾምን ማላላት በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ነው። ሙስሊም ታማሚም የረመዳንን ጾም በሌላ ጊዜ እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። መዋጥ ጭራሽ ከተሳነ በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ ለጥቂት ሳምንት ይረዳል። ቱቦ ማለት መጨረሻው ደረሰ ማለት አይደለም፤ አስታማሚዎችም እንዲህ አይናገሩ።

ቀን አይዝለሉ። መሣሪያው ተበላሽቶ ወይም በዓል ሆኖ ቀን ከተዘለለ «የጠፋው ቀን እንዴት ይካሳል?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። ቅዳሜ በመሥራት ወይም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት አራርቆ በመስጠት ማካካስ የሚቻልበት ጊዜ አለ።

ጊዜው ካለፈ፣ ወይም አልወስድም ካሉ

ስምንተኛው ወይም አሥረኛው ሳምንት ላይ ይህን የሚያነቡ ከሆነ «አልፏል» ብለው አይተዉት። ጥቅሙ ቢቀንስም አደጋው ከፍ ላለ ሰው ጨረሩ አሁንም ሊረዳ ይችላል። መጀመሪያ ግን ካንሰሩ አለመመለሱ በምርመራና በሲቲ ስካን ይረጋገጥ፤ ተመልሶ ከሆነ ዕቅዱ ሌላ ነው።

ሁሉን ሰምቶ፣ አስቦ፣ አልሄድም የሚል ሰውም አለ። አረጋዊ ነው፣ ወይም ሌላ ሕመም አለበት፣ ወይም መጨረስ እንደማይችል ያውቃል። የማይጨርሱትን አለመጀመር የሚከበር ውሳኔ ነው። ይህ ሰው ግን ከሐኪም እጅ አይውጣ፤ በየወሩ አፉና አንገቱ ይዳሰስ። ተመልሶ ቢገኝ ገና ትንሽ ሳለ እንደገና መቆረጥ የሚችልበት ዕድል አለ።

ከተመለሱ በኋላ

ካንሰሩ ከተመለሰ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ልዩነት፣ በሁለተኛው ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ልዩነት ይታዩ። ለዚህ ሁልጊዜ አዲስ አበባ መሄድ የለብዎትም፤ አፍ ማየትና አንገት መዳሰስ ደብረ ታቦር ይቻላል፣ አጠራጣሪ ሲገኝ ወደ ላይ ይላካል።

አፍ እንዳይዘጋ በቀን ብዙ ጊዜ ከፍተው ያፍታቱት፤ ሦስት ጣት ደርበው በጥርስዎ መካከል ማስገባት ካቃተዎት ለሐኪም ይንገሩ። ጨረር የወሰደውን አንገት የደጋው ፀሐይ ስለሚያቃጥለው በነጠላ ይሸፍኑት። የኩበትና የእንጨት ጭስ የደረቀ አፍን ያሳክካል፤ ምድጃ አጠገብ ሌላ ሰው ይቀመጥ፣ ውኃ ከእጅዎ አይለይ። አንገት ላይ የወረደ ጨረር የታይሮይድ ዕጢን ከዓመታት በኋላም ሊያደክም ስለሚችል በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና ያለ ምክንያት መወፈር ምልክቱ ነው።

የሕክምና ደብተርዎ ሽፋን ላይ በትልቁ «መንጋጋው ጨረር ወስዷል፣ ጥርስ ከመንቀል በፊት የካንሰር ሐኪም ይጠየቅ» ተብሎ ይጻፍ። መንደር ውስጥ ጥርስ ለሚነቅል ሰው ደግሞ በዕድሜ ልክዎ አፍዎን አይክፈቱለት። ከሁለት ሳምንት በላይ የማይድን ቁስል፣ አዲስ የአንገት እብጠት ወይም ወደ ጆሮ የሚወጣ ሕመም ከመጣ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በዚያው ሳምንት ይሂዱ።